ለቻይናዊው መንገደኛ የተገባ ስለት

ያን ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ትምህርቴን ከሰባተኛ ክፍል አቋርጫለሁ፤ ማንበብን ግን አላቋረጥሁም። ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ እንኳ ሳላነብ አልጥልም። እንግሊዝኛን የተማርሁት ከፀረ አረም ጠርሙስና ከትራክተር መመሪያ ላይ ነው ስል ሰው ይስቅብኛል፤ እውነቴን ግን ነው። ያን ጊዜ መተማ ወረዳ፣ እኛ ከተማ ሸሕዲ ውስጥ ዓይኑ ፊደል ለሚርበው ሰው እንደ ልብ የሚገኘው ጽሑፍ እሱ ነበር። "ከሕፃናት ያርቁ" የሚለውን በእንግሊዝኛ በቃሌ ስወጣው፣ "እንዴት አደርክ" ማለትን ገና አላውቅም።

የምኖረው ያሳደገችኝ አክስቴ ዘንድ ነው፤ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ከግቢዋ ክፍሎች አንዱን የጂኦግራፊ መምህር ተከራይቶት ነበር። ይህ ሰው ለአጭር ሥልጠና ቻይና ደርሶ ከተመለሰ በኋላ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ጫማውን ሲያስር ቻይና፣ ፊቱን ሲታጠብ ቻይና። አንድ ቀን አክስቴን "እዚያ እኮ እትዬ፣ ሰው ሙቅ ውሃ ባዶውን ይጠጣል፤ ሻይ ቅጠል የለው፣ ስኳር የለው" አላት። አክስቴ ትንሽ አሰበችና "ምን አግኝቷቸው? ሆዳቸውን ነው?" ብላ ጠየቀችው። የመተማን ፀሐይ ለለመደ ሰው ሙቅ ውሃ የሚጠጣ ጤነኛ አለ ቢሉት አያምንም።

መምህሩ ወደ ጎንደር ሲዛወር ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ለፍራሹ እንጂ ለካርቶኑ ቦታ አልተገኘም። ካርቶኑን ገፋ አድርጎ ወደ እኔ አስጠጋውና "አንቺ ካላነበብሻቸው አይጥ ያነባቸዋል" አለኝ። ስለ ዛሬይቱ ቻይና የተጻፉ መጻሕፍት ናቸው፤ ሁሉም በእንግሊዝኛ። መዝገበ ቃላቱንም ጨመረልኝ። እሱን አይጥ ቀድማኝ ጀምራው ኖሮ "ኤስ" ከሚለው ፊደል ወዲያ አልነበረውም። ስለዚህ በእንግሊዝኛ በ"ቲ" እና ከዚያ በኋላ ባሉት ፊደላት የሚጀምረውን ነገር ሁሉ በግምት ነው የዘለቅሁት።

ካርቶኑን የፈታሁ ዕለት የሆንሁትን እንዴት ልንገራችሁ! እኔ የጠበቅሁት ንጉሥና ሰይፍ፣ እንደ ቪዲዮ ቤቱ ፊልም በአየር ላይ የሚራገጡ ሰዎች ነበር። የአብዛኞቹ ገጾች ወሬ ግን የዘንድሮ ሰዎች ወሬ ነው። ስለ ገበሬ፣ ስለ ቀበሌ ሹም፣ ስለ ምራትና አማት፣ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ስለሚጨነቁ ልጆች። አንደኛው መጽሐፍ የገጠሩ ሰው በኅብረት ያርስና ካንድ ወጥ ቤት ይበላ ስለነበረበት ዘመን፣ ከዚያም ስለመጣው ረኃብ፣ በኋላም መሬቱ ለየቤቱ ስለተከፋፈለበት ጊዜ ይተርካል። እያነበብሁ በአማርኛ ስነግራት አክስቴ ሥራዋን ትታ ቁጭ አለች።

"ይኸ እኮ የኛ አምራቾች ነው" አለች። በደርግ ጊዜ ገና ልጃገረድ ሳለች ደጋ ያለው ቀበሌያቸው የአምራቾች ኅብረት ሥራ ተብሎ በሬው ሁሉ የጋራ ሆኖ ነበር። "የጋራ የሆነ በሬ እንደሚከሳ ማን ነገራቸው? እነሱም አይተውታል?"

"አይተውታል" አልኋት።

"ከዚያስ?"

እንግዲህ "ከዚያስ" የሚል ሰው ያገኘ ተራኪ ምን ቀረው? ከዚያን ቀን ጀምሮ ባለሥልጣኑ ከወረዳ ወረዳ እየተዛወረ እንዴት እንደሚሾም፣ አንድ ልጅ ብቻ ውለዱ የተባለበት ሕግ በየቤቱ ምን እንዳመጣ፣ ያነበብሁትን ሁሉ ለአክስቴ እተርክላታለሁ። እሷም ጎረቤት ሄዳ እንደ ራሷ ዘመድ ወሬ ታወራዋለች።

ልነግራችሁ የፈለግሁት ግን የሰሊጡን ዓመት ነው። አክስቴ ባሏ የሞተባት ዓመት ነበር። የባሏ ወንድሞች "ሰሊጥ የወንድ ሥራ ነው፤ መሬቱን እኛ እንያዘው" ብለው በሽማግሌ ፊት ተነጋገሩ። እሷም "አንድ አዝመራ ስጡኝ፤ ማሳዬን አሳጭጄ ካልጨረስሁ ውሰዱት" አለች። ሰሊጥን የማያውቅ ሰው ይህ ቀላል ይመስለዋል። ሰሊጥ እንደ ማሽላ ቆሞ አይጠብቅም። ቢጫ ሲል ካልታጨደ የፍሬው ከረጢት ራሱ ይከፈትና ዘሩ ይረግፋል፤ የኛ ጥቁር መሬት ደግሞ አፉን ከፍቶ፣ ተሰነጣጥቆ ነው የሚጠብቀው። የዋጠውን አይመልስም።

አጫጅ ደግሞ ከደጋ ነው የሚመጣ። ለአጨዳ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ እኛ ሳሉግ እንለዋለን። በደህናው ዓመት ሸሕዲ መንገድ ዳር ሳሉግ ከነማጭዱ እንደ አሸዋ ነው። ያን ዓመት ግን መንገዱ ይዘጋል ይከፈታል እየተባለ የወረደው ሰው ጥቂት ነበር፤ ባለ ትራክተሮቹ ይሻሙበታል። አክስቴና እኔ ጠዋት ስንሄድ ከጎጃም የመጡ አንድ ቡድን አስፋልቱ ዳር ዕቃቸው ላይ ተቀምጠዋል። አለቃቸው ጢማቸው የሸበተ፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው።

"ውሃውሳ እንዴት ነው፣ እሜቴ?" ብለው አክስቴን ጠየቋት።

"በየቀኑ በበርሚል ይመጣል።"

"ወጡስ?"

አክስቴ ወደ እኔ አመለከተች። "የምትሠራው ይችት ናት።"

ከኋላ አንድ ቀልደኛ ጎረምሳ ከላይ እስከ ታች አየኝና "ራሷ ያልበላችውን ለኛ ልታበላን ነው?" አለ። ሁሉም ሳቁ።

"እሷን ያከሳት ወጡ አይደለም፤ መጽሐፍ ነው" አለች አክስቴ። እንዲህ ያለ የሙያ ምስክርነት ተሰጥቶኝ ነው ተቀጥሬ የሄድሁት። እስከ ጥቅምት እኩሌታ ሊያጭዱ፣ ከዚያ ወደ ራሳቸው አዝመራ ሊመለሱ ተስማሙና በትራክተሩ ተሳቢ ተጭነን ወረድን።

በረሃው ውስጥ ሰው የሚያጭደው ጠዋትና ወደ ማታ ነው። ቀትር ላይ ማጭዱም ይፋጃል፤ ሁሉም ዳስ ስር ይገባል። እኔም ባቄላው እስኪበስል መጽሐፌንና ጭራ የሌለውን መዝገበ ቃላቴን ይዤ ከውሃው በርሚል አጠገብ እቀመጣለሁ። በሁለተኛው ቀን አለቃው ጠጋ አሉ።

"የጸሎት መጽሐፍ ነው፣ እታለም?"

"አይ አባባ፣ ስለ ቻይና ነው።"

"ስለ መንገድ ሥራ በይኛ" አለ ጎረምሳው። "እኛ የምናውቀው ቻይና የሣር ባርኔጣ አጥልቆ ከግሬደር ጎን ቆሞ የሚጮኸውን ነው።"

"እሱ እኮ ውጭ የወጣው ነው። ይኸ አገራቸው ስላሉት ነው። ከገጠር ወጥተው ከተማ ፋብሪካ ስለሚሠሩ፣ ጸሐፊው አብሯቸው እየተጓዘ የጻፈው።"

"ገጠር አላቸው?" አሉ አለቃው በጣም ገርሟቸው።

አላቸው አልሁና ጀመርሁ። ከተራራማ መንደር የመጣ አንድ ሰው አለ። የመንደሩ መሬት ተከፋፍሎ ተከፋፍሎ ለሱ የደረሰው አንድ በሬ የማያዞር ስለሆነ፣ እሱና ሚስቱ ሕፃናቸውን ለእናቱ ትተው ደቡብ ባሕር ዳርቻ ወዳለ ትልቅ ከተማ ወረዱ። እሱ ጫማ ፋብሪካ ሶል ያጣብቃል፤ ሚስቱ ሌላ ፋብሪካ ትሠራለች። የሚያድሩት ለየብቻ፣ በተደራረበ አልጋ ላይ ከብዙ ሰው ጋር ነው። ከተማው ውስጥ ብዙ ዓመት ኖሯል፤ ምዝገባው ግን የመንደሩ ስለሆነ ልጁን አምጥቶ ከተማ ማስተማር ቢፈልግ "የዚህ ነዋሪ አይደለህም" ይባላል።

"መታወቂያው የገጠር ነው ማለት ነዋ" አለ አንደኛው።

"በለው! እንዲያ ከሆነ እነሱም ሳሉግ ናቸው" አለ ጎረምሳው። አንድ እግሩን አነሣና የሸራ ጫማውን ሶል ገልብጦ አየው። "ይህችን ያጣበቃት እሱ ይሆናል። እንዲያው ትንሽ ጠበቅ ቢያደርጋት ምን ነበር?"

ከዚያ ቀን በኋላ ቀትር ሲደርስ ዳሱ ስር ቦታ መያዝ ተጀመረ። ሌላ ጊዜ ተኝተው የሚያንኮራፉት ሰዎች ፊታቸው ላይ ውሃ እየረጩ ይጠብቁኛል። እኔም ምዕራፉን ማለዳ ሊጡን ከማቡካቴ በፊት በመዝገበ ቃላት አንብቤ እይዘዋለሁ፤ ቀትር ላይ ገጹን እያየሁ በአማርኛ አወርደዋለሁ። የማላውቀው ቃል ሲያጋጥመኝ "ይቺን አይጥ በልታታለች" እላለሁ፤ እነሱም "ትብላት፣ ቀጥይ" ይላሉ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ለሰባተኛ ክፍል አቋራጭ ይህን ያህል ተማሪ የሰጠው ማን አለ?

የማይጠይቁኝ ነገር አልነበረም። ምን ይበላል? ሩዝ። ሌላስ? አሳማ። "ረቡዕ ነው ዛሬ" አለ አንዱ ቅር ብሎት፣ ሰውየው አጠገቡ እየበላ ይመስል። አለቃው ግን "እሱ አገር ረቡዕ መሆኑን ማን ነግሮት?" ብለው አለፉት።

የቻይናን ዘመን መለወጫ ስነግራቸው ደግሞ ዳሱ ሊወድቅ ደረሰ። በዓሉ ሲቃረብ በየከተማው ያለው ሠራተኛ በሙሉ ባንድ ጊዜ ወደ ትውልድ ቀዬው ይነሣል፤ ባቡር ጣቢያው በሰው ይጥለቀለቃል።

"እንደ ፋሲካ?" አሉኝ።

"ፋሲካ፣ ገናና መስቀል ባንድ ቀን ቢውሉ።"

"ኧረ ተይ! የመኪናው ወረፋ!"

የኛ ሰውዬም ተሰለፈ። ለእናቱ የሚሆን ወፍራም ካፖርት ገዝቶ በፌስታል ይዟል። ሲገፋ፣ ሲጠብቅ ቆይቶ መስኮቱ ጋ ደረሰ። የመስኮቷ ሴት ቀና ብላ አየችውና ትኬት አልቋል አለችው። እዚህ ላይ ባቄላው ገነፈለና መጽሐፉን አጥፌ ተነሣሁ። ያሰሙብኝ ጩኸት! ድስቱን እኛ እናወርዳለን፣ ተቀመጪ አሉኝ። ምዕራፉም እዚያው ነበር የሚያበቃ፤ አላመኑኝም። ከሰዓት በኋላ ያችን የመስኮት ሴት እየረገሙ አጨዱ። አክስቴ ማታ ማሳውን ዞራ አይታ "ዛሬ ምን አብልተሻቸው ነው?" አለችኝ።

ለካ የስምምነታችንም ጊዜ ተቃርቦ ኖሯል። አብዛኛው ማሳ ታጭዶ ነዶው ቆሟል፤ ከወንዙ ማዶ ያለው ቁራጭ ግን ገና ነበር፣ ቢጫ ብሎ። ያንኑ ማታ ውሃ ያመጣው የትራክተር ሹፌር መንገዱ እንደገና ሊዘጋ ይችላል የሚል ወሬ ይዞ መጣ። አጫጆቹ ጥግ ይዘው ተመካከሩና አለቃው ወደ አክስቴ መጡ።

"እሜቴ፣ በቀናችን እንሄዳለን። ከዚያ በላይ መቆየት አንችልም። ዓምና መንገድ ተዘግቶብኝ እኔ ገናን እዚህ በረሃ ነው የዋልሁ።"

"የማዶዋስ? እሷን ለማን ትታችሁ?"

"ምን እናድርግ? ቃላችን እስከዚህ ነበር።"

እውነት ነው፤ ቃላቸው እስከዚያ ነበር። አክስቴ ሌላ አጫጅ ፍለጋ ሸሕዲ ሰው ላከች፤ አንድም ሰው አልተገኘም። ከማዶ ቁራጭ ጋር መሬቱ ሊሄድ እንደሆነ ሁላችንም ገባን። የባሏ ወንድሞች አጨዳው ሲያልቅ መጥተው ማሳውን በዓይናቸው ሊያዩ ቀጠሮ ይዘዋል።

በማግሥቱ ቀትር ላይ ያነበብሁላቸው፣ ሰውየው ትኬት ሲያጣ ያደረገውን ነው። አሮጌ ሞተር ብስክሌት ነበረችው። ሚስቱን ከኋላ አስቀመጠ፤ ሁለቱም ባንድ የዝናብ ላስቲክ ተሸፈኑ፤ እጃቸውን በፌስታል ጠቀለሉ፤ የእናቱን ካፖርት በመካከላቸው አደረጉ። እዚያ ወሩ የብርድ ወር ነው፤ ዝናቡም ከበረዶ አይተናነስም። መንገዱ ላይ እንደነሱ በሞተር የሚጓዝ ሠራተኛ መዓት ነው፣ እንደ ጉንዳን እየተከታተለ ወደ ተራራው ይወጣል። እያነበብሁ እኔ ራሴ በዚያ ሙቀት ብርድ ብርድ ብሎኛል።

አለቃው ተነሡ። ባርኔጣቸውን አወለቁና ፊታቸውን ወደ አገራቸው አዙረው፣ ልክ ሰው እንደሚያናግር አድርገው ተናገሩ።

"የአገሬ ታቦት፣ ጧፍ የለኝ፣ ዕጣን የለኝ፤ ያለኝ ይህ ማጭድ ነው። ይኸን ልጅ ከእናቱ አገናኘው። ካገናኘኸው የማዶዋን ሰሊጥ ሳልጨርስ ከዚህ አልነሣም።"

"አሜን" አሉ ሌሎቹም።

ጎረምሳው ዘግየት ብሎ "አባባ፣ ሰውየው ክርስቲያን ነው እንዴ?" አለ።

"ታቦት መንገደኛን መታወቂያ አይጠይቅም" አሉት።

አክስቴ ከበርሚሉ ኋላ ቆማ ሁሉን ሰምታለች። ሲበተኑ እጄን ይዛ ወደ ጎን ወሰደችኝ፤ ፊቷ በርቷል። "ደርሷል፣ አይደል?" አለችኝ። ገና አላነበብሁትም አልኋት። እውነቴን ነበር፤ የቀረኝ ምዕራፍ የነገ ነው።

በማለዳ ከሁሉ ቀድሜ ተነሣሁና ገጹን ገለጥሁ። ጸሐፊው ተራራው ስር መንገደኞች ትኩስ ሾርባ የሚታደሉበት ቦታ ላይ ሰውየውን አገኘው። አብረው ጠጡ። የሰውየው ጣት አልታጠፍ ብሎ ነበር። አንድ ተራራ እንደቀረው ነገረው። ከዚያም ሞተሩን አስነሣና ከሚስቱ ጋር ጉም ውስጥ ገባ። ጸሐፊው ከዚያ በኋላ አላየውም። ኸላስ፣ አለቀ። ቀጣዩ ምዕራፍ ስለ ሌላ ነገር ነው። ወደፊት ገለጥሁ፣ ወደኋላ ገለጥሁ፣ እስከ መጨረሻው ሽፋን ፈለግሁት፤ የለም።

አክስቴ በላዬ ቆማለች። "እህ?"

"አልታወቀም።"

"ምን ማለት ነው አልታወቀም? መጽሐፍ አይደለም እንዴ?"

"ጸሐፊው ተራራው ስር ተሰናብቶት ቀረ። ከዚያ የሚያወራው ስለ ከተማ ወላጆች ነው። ልጆቻቸው ሳያገቡ ሲቀሩባቸው መናፈሻ ይሄዱና ዕድሜያቸውን፣ ቁመታቸውንና ሥራቸውን ወረቀት ላይ ጽፈው፣ የተዘረጋ ዣንጥላ ላይ ለጥፈው፣ ባል ወይ ሚስት ይፈልጉላቸዋል።"

"ሰውየውን ዝናብ ላይ ጥሎ ስለ ዣንጥላ ያወራል?" አለች አክስቴ። እንዲህ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም። ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ደረሰ በያቸው።"

"አልተጻፈማ።"

"ከነሱ ውስጥ ማነው እንግሊዝኛ የሚያነበው? ማን ያውቃል?"

"እኔ አውቃለሁ።"

"መሬቴ ነው እኮ" አለችኝ። ባልዲዋን አንሥታ ሄደች።

ያን ጠዋት ባቄላውን ሁለት ጊዜ ጨው ጨመርሁበት። ያሳደገችኝ ሴት ናት፤ አንዲት ቃል ነው የለመነችኝ። ደግሞም ያቺን ቃል እኔም እመኛታለሁ፤ ሰውየው ቢደርስ ከኔ በላይ ደስ የሚለው የለም። ነገር ግን እነዚያ ሰዎች ቀትር ቀትር "እንዲህ ይላል?" ብለው ሲጠይቁኝ "እንዲህ ይላል" እያልሁ ነው እዚህ የደረስነው። የሌለ አንድ መስመር ብጨምር ያለፈውም ሁሉ፣ ጫማው፣ ምዝገባው፣ ካፖርቱ፣ የኔ ፈጠራ ሊሆንብኝ ነው። መጽሐፉን ከዚያ በኋላ እንዴት አድርጌ እከፍተዋለሁ?

ቀትር ሆነ። አክስቴ ከዳሱ ውጭ ፀሐይ ላይ ቆመች። እኔም እንዳለ አነበብሁት፤ ሾርባውን፣ ያልታጠፈውን ጣት፣ ጉሙን። "እዚህ ላይ ያበቃል" አልሁ። "መድረሱን አለመድረሱን አይናገርም።"

"አንዲትም ቃል?" አሉ አለቃው።

"አንዲትም ቃል።"

"አይጥ በልታው እንዳይሆን?"

"ገጹ ሙሉ ነው፣ አባባ።"

ጎረምሳው ብድግ አለ። "እንግዲያው ስለቱ ፈረሰ። 'ካገናኘኸው' ነው ያሉት፤ ማገናኘቱ አልተነገረን። ዕቃችንን እንሸክፍ።"

አንዳንዶቹ መነሣት ጀመሩ። አክስቴን ላያት አልደፈርሁም። አለቃው ግን እንደተቀመጡ ናቸው። ጢማቸውን እየጎተቱ "ቁጭ በል አንተ" አሉት። "ደርሶ እንደሆነስ?"

"ምን አባባ?"

"ይኸን ጊዜ እናቱ ቤት እሳት እየሞቀ፣ ካፖርቱን አልብሷት እንደሆነስ? አልሰማንም እንጂ አልደረሰም ያለን የለም። ታቦቱ ሥራውን ሠርቶልን፣ እኛ ስለት በልተን በዚያ መንገድ ልንሄድ ነው? አንተ ለመሄድ ትደፍራለህ?"

ይህን ሲሉ የተነሡት ሁሉ ተቀመጡ። እስቲ አስቡት፤ አልደረሰም ቢል መጽሐፉ ነፃ ናቸው። ዝም ስላለ ግን የሚፈታቸው ጠፋ። ስለት የበላ ሰው በመኪና ዓባይን ሊሻገር ማን ይደፍራል? እኔ ስጨነቅበት የዋልሁት ያ ዝምታ ከማንኛውም ቃል በላይ ያዛቸው።

"እኔ አሜን አላልሁም፤ ውሃ እየጠጣሁ ነበር" አለ አንዱ። ሁለት ጓደኞቹም እነሱም ውሃ እየጠጡ እንደነበር አስታወሱና ያን ቀን በትራክተሩ ወደ ሸሕዲ ተሳፈሩ። የቀሩት ማጭዳቸውን ይዘው ወንዙን ተሻገሩ። ጎረምሳው እያጉረመረመ ተከተላቸው። ሲያልፍ ወደ እኔ ዞር አለና "ያን የዣንጥላውን ነገር ግን ነገ ትነግሪናለሽ" አለኝ።

ነገርኋቸውም። በማዶዋ አጨዳ ቀናት ውስጥ ያን ያህል የተሳቀበት ምዕራፍ አልነበረም። ጎረምሳው ባርኔጣውን ማጭዱ ጫፍ ላይ ሰቅሎ ዣንጥላ ነው እያለ ራሱን አስታወቀ፦ "ቁመት መካከለኛ፣ ሥራ ሳሉግ፣ ደመወዝ እንደ ሰሊጡ ሁኔታ፣ ጠባይ ጥሩ።" አለቃው "የመጨረሻዋን ሰርዛት" አሉት። ከዚያ ደግሞ ክርክር መጣ፤ እናት ለልጇ እንዲህ አደባባይ ወጥታ መፈለጓ ነውር ነው አይደለም፣ የኛ ሽማግሌ መላክ ከዚያ በምን ይሻላል፣ ቁመት ምን ያደርጋል። ስለ ቻይና ያን ያህል የተከራከረ ዳስ በመተማ በረሃ ከዚያ በፊት የነበረ አይመስለኝም።

የማዶዋ ጫፍ ላይ ጥቂት ሰሊጥ ረግፏል፤ ሌላው ግን ታጭዶ አለቀ። አለቃው የመጨረሻዋን ነዶ አስረው ሲያቆሙ ወደ አገራቸው ዞረው እጅ ነሡና "የኛን አድርሰናል፤ የሱን አንተ ታውቃለህ" አሉ። ማታውኑ ተሳፈሩ። መንገዱ ክፍት ነበር፤ መድረሳቸውን በስልክ ነገሩን። አለቃው ለኔ የተላከ አንድ ጥያቄ ነበራቸው፦ "መጽሐፉን የሰጠሽ የጎንደሩ መምህር ስለ ልጁ የሚያውቀው ነገር ካለ ጠይቂልን።" ጠየቅሁት። መምህሩ ሳቀ፤ ከዚያ ግን እሱም ባነበበው ጊዜ የመጨረሻውን ገጽ ፈልጎ እንደነበር ነገረኝ።

የባሏ ወንድሞች በቀጠሯቸው መጡ። ከወንዙ ወዲህም ወዲያም ያለውን የቆመ ነዶ ዞረው አዩ። የሚጠጣ ውሃ ጠየቁ፤ አክስቴ ቀዝቃዛ የከርከዴ መጠጥ ሰጠቻቸው። ጠጥተው፣ ስለ ዝናቡ ትንሽ ተጫውተው ሄዱ። ስለ መሬቱ ከዚያ ወዲህ የተነሣ ነገር የለም።

አክስቴ ከኔ ጋር ስለዚያ ጠዋት አልተነጋገረችም፤ እኔም አላነሣሁባት። ሰሊጡ ተራግፎ ከተሸጠ በኋላ በሚኒባስ ጎንደር ሄደች። ስትመለስ በጨርቅ የተጠቀለለ ረዥም ነገር ይዛለች። ስትፈታው ዙሪያውን ዘርፍ ያለው፣ ወርቃማ ጥልፍ የተጠለፈበት የቤተ ክርስቲያን ዣንጥላ ነው። የንግሡ ዕለት ነጭ ልብሷን ለብሳ ተሸክማው ሄደች፤ እኔም ተከተልኋት። ስለት የሚቀበሉት ሰው በድምፅ ማጉያው ሊያስታውቁ "የማን ስለት ነው እንበል?" ብለው ጠየቋት።

"ከቤት የወጣ የአንድ መንገደኛ" አለች።

"ደረሰልዎ?"

"አልሰማሁም" አለች አክስቴ። ዣንጥላውን ሰጠቻቸውና በሩን ተሳልማ ወደ ቤት ተመለሰች።